ግርዶሽ ያመጣል የተባለውን ስጠብቅ

ዘመዱ ጦርነት ያለበት አካባቢ የቀረበት ሰው ሌት ተቀን የሚያመላልሰው አንድ ጥያቄ ነው፤ መቼ ያበቃል? ይህን በእርግጠኝነት የሚመልስለት ባለሥልጣን የለም፣ ጋዜጠኛም የለም። ስለዚህ ቀን ቆርጦ የሚነግረው ሰው ሲያገኝ፣ ያ ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ጆሮውን ይሰጠዋል። እኔ ጆሮዬን የሰጠሁት የፀሐይና የጨረቃን ግርዶሽ እያየን የአገር ዕጣ እንናገራለን ለሚሉ ኮከብ ቆጣሪዎች ነበር። ከዚያ እስክወጣ ድረስ ገንዘብም እንቅልፍም ከፍያለሁ፤ ትልቁን ዋጋ ግን የከፈለችው እናቴ ናት። ግርዶሽ በመጣ ቁጥር ያው ፍርሃትና «ተዘጋጁ» የሚለው ያው መልእክት ከስልክ ስልክ ሲዞር ስለማይ፣ ያለፍኩበትን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ነገሩ የጀመረው ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ነው። ያን ዕለት ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ ከመካከለኛው አፍሪካ ተነስቶ በደቡብ ሱዳን በኩል አገራችን ገባ። ወለጋን፣ ጎጃምንና ደቡብ ጎንደርን አቋርጦ ላሊበላ ደረሰ፤ ከዚያ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን፣ በፓኪስታንና በህንድ፣ በቻይና አድርጎ ታይዋንን አልፎ ሄደ። ወንድሜ ላሊበላ አስጎብኚ ነበር። ኮሮና ሥራውን ዘግቶበት ስለነበር ጠዋቱን ሙሉ ሰማይ ሲያይ ዋለና ደወለልኝ። ፀሐይዋ መሐሏ ጠቁሮ ዳሯ ብቻ እንደቀረ፣ ከዛፍ ሥር መሬት ላይ የሚወርደው ብርሃን ሁሉ የጨረቃ ቅርጽ እንደያዘ ነገረኝ። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ከፊሉን ነው ያየሁት። ደስ ብሎን ነበር።

በሳምንቱ፣ ሰኔ 22፣ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። ብዙ ሰው ሞተ፣ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘጋ። ጥቅምት 24 ሌሊት ደግሞ የሰሜን ዕዝ ተጠቃና ጦርነቱ ጀመረ። በዚያ ሰሞን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አንድ አጭር ቪዲዮ ላከችልኝ። ሰውዬው ከግርዶሹ በፊት የተቀረጸ ነው በተባለው ንግግሩ «የቀለበቱ ጥላ በሰሜኑ ተራራ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ በኋላ ደም ይታያል» ይላል። ከሥር «ብለን ነበር» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ወልድያ ያለችው እናቴና ላሊበላ ያለው ወንድሜ ትዝ አሉኝና ሰውነቴ ቀዘቀዘ። በዚያው ምሽት የሰውዬውን የቴሌግራም ቻናል ተቀላቀልኩ።

ያኔ ያላደረግኩት አንድ ነገር አለ፤ እናንተ አድርጉት። ሙሉውን ቪዲዮ ፈልጌ አላየሁም። ያየሁት ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። አንድ ሰዓት የሚጠጋ ንግግር ነበር። በዚያው ንግግር አዲስ አበባ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ አንድ የሃይማኖት አባት እረፍት፣ የግድቡ ሙሌት መክሸፍ፣ የአንድ ጎረቤት አገር መሪ ከሥልጣን መውረድ፣ ሌላም ብዙ ነገር በዚያው ክረምት ይሆናል ተብሏል። ከዚያ ሁሉ መሐል የሆነውን አንድ ዓረፍተ ነገር ቆርጠው ነው የላኩልን። የተቆረጠ ቪዲዮ ሲደርሳችሁ የቀረው የት ነው ብሎ መጠየቅ ብቻውን ብዙ ሰው ያድናል።

እኔ ግን ጭራሽ የራሴን ማስረጃ መሰብሰብ ጀመርኩ። አንድ ወፍራም ደብተር ገዛሁና በግራ በኩል ግርዶሾችን፣ በቀኝ በኩል በአገራችንና በዓለም የሆነውን መጻፍ ያዝኩ። የሚያስፈራው፣ መገጣጠሙ ነው። ሰኔ 23 ቀን 1965 በአፍሪካ ላይ ትልቅ የፀሐይ ግርዶሽ አለፈ፤ ብዙም ሳይቆይ የወሎ ረሃብ ለዓለም ታየ፣ በዓመቱ ንጉሡ ወረዱ። ጥር 7 ቀን 2002 ሌላ ቀለበታዊ ግርዶሽ በኬንያና በሶማሊያ በኩል አለፈ፤ ጥር 17 ከቤይሩት የተነሳው አውሮፕላናችን ባሕር ላይ ወደቀ። ታኅሣሥ 16 ቀን 2012 ዓረቢያና ህንድ ላይ ግርዶሽ ነበር፤ በአምስተኛው ቀን ከዉሃን ከተማ የማይታወቅ የሳንባ ምች ወሬ ወጣ። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ጥቅምት 24 ቀን 2006 ነው። ያን ዕለት ከአትላንቲክ ተነስቶ አፍሪካን ያቋረጠው ግርዶሽ መጨረሻው ደቡብ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ላይ ነበር። በማግስቱ ሳዑዲ አረቢያ ውስጥ ፈቃድ በሌላቸው ሠራተኞች ላይ አፈሳው ተጀመረ፤ በተከታዮቹ ወራት ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ተመለሱ። እንግዲህ የሰሜን ዕዝ የተጠቃበትም ቀን ጥቅምት 24 ነው። በቀይ እስክርቢቶ ከበብኩት። እኅቴ ጅዳ ስለነበረች የ2006ቱን ኅዳር በራሴ ቤተሰብ አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ ደብተሩ ላይ የሰፈረው ሁሉ የራሴ ሕይወት መሰለኝ።

ቻናሉ ላይ የሚያስተምሩት ነገር ደግሞ ባዶ ወሬ አይመስልም፤ ብዙ የተማረ ሰው የሚይዘውም ለዚህ ነው። ታሪክ አለው። የባቢሎን ጠቢባን ጨረቃን በአራት ከፍለው እያንዳንዱን ክፍል ለአንድ አገር ሰጥተው ነበር፤ ጥላው የነካው ክፍል የየትኛው አገር ንጉሥ እንደሚሞት ይናገራል ይሉ ነበር። የአሦር ነገሥታት ከዚህ ፍርሃት የተነሳ ለጥቂት ጊዜ ሌላ ሰው ዙፋን ላይ አስቀምጠው፣ መዓቱ በእሱ ላይ እንዲወርድ ብለው በመጨረሻ ይገድሉት ነበር። በ2ኛው ክፍለ ዘመን እስክንድርያ የኖረው የከዋክብት ሊቅ በጥሊሞስ ደግሞ ሕግ አበጀለት። የፀሐይ ግርዶሽ ስንት ሰዓት ከቆየ ውጤቱ ያን ያህል ዓመት ይቆያል፣ የጨረቃ ግርዶሽ ስንት ሰዓት ከቆየ ያን ያህል ወር። ግርዶሹ በየትኛው የኮከብ ማኅደር፣ ማለትም ሰማዩ ከተከፈለባቸው ከአሥራ ሁለቱ የኮከብ ክፍሎች በየትኛው እንደሆነ፣ ያ ማኅደር የየትኛው አገር እንደሆነ ታይቶ አገሩ ይለያል። የእኛ የአውደ ነገሥት ቆጠራ በሰው ስምና በእናቱ ስም የአንድን ሰው ኮከብ የሚፈልግ ነው፤ ይህኛው ግን የአገርና የንጉሥ ነው። ቃላቱን ስለማውቃቸው፣ ማኅደሮቹን ሐመል፣ ሠውር፣ ሸርጣን ሲሉ ከልጅነቴ የሰማሁት ነገር ስለሆነ፣ የውጭ ነገር አልመሰለኝም።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ልግባ። በ2013 ክረምት መግቢያ ላይ ወንድሜ እናታችንን ወደ አዲስ አበባ እናምጣት አለ። ጦርነቱ ወደ ደቡብ እየወረደ ነው የሚል ወሬ ነበር። እኔ ደግሞ ሰኔ 3 ቀን በካናዳና በግሪንላንድ በኩል ያለፈውን ግርዶሽ ይዤ ለኮከብ ቆጣሪው ከፍዬ ጠይቄዋለሁ። መልሱ አጭር ነበር፤ እስከ ኅዳር 25ቱ ግርዶሽ ድረስ አደጋው ዋና ከተማዋ ላይ ነው፣ ሰው አታምጡባት። ለወንድሜ «እማዬ ባለችበት ትቆይ፣ አዲስ አበባ ከምትመጣ እዚያ ይሻላታል» አልኩት። ተጨቃጨቅን። እኔ ታላቅ ስለሆንኩ ቃሌ ጸና።

ነሐሴ ላይ ወልድያ ከመንግሥት ቁጥጥር ውጭ ሆነች። ስልክ ተቋረጠ፣ መብራት ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ። እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት በየቀኑ የምትወስድ ሴት ናት። እስከ ታኅሣሥ ድረስ በሕይወት መኖሯን አላወቅንም። ወንድሜ ቀደም ብሎ በእግሩ ወጥቶ ደሴ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ገብቶ ነበር፤ እነዚያን ወራት አንድ ቤት ውስጥ ሆነን ስለዚያ ጭቅጭቅ አንድም ቀን አላነሳብኝም። ዝምታው ግን ይሰማኝ ነበር። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ ሆኜ ጥቅምት 23 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ «ይኸው፣ ስለ አዲስ አበባ ያለው ደረሰ» ብዬ ቻናሉን የባሰ አመንኩት። የኅዳር 25ቱ ግርዶሽ አንታርክቲካ ላይ ሆኖ አለፈ። አዲስ አበባ ባለችበት ነበረች። በታኅሣሥ ስልኩ ሲመለስ እናቴ የጎረቤት ሴቶች መድኃኒታቸውን እያካፈሏት፣ ሽሮና ቆሎ እየተቃመሱ ተርፋለች። አምላክ ይመስገን። ከዚያ በኋላ አንድ ዓይኗ በደንብ አያይም፤ ሐኪሙ ግፊቱ ያለ መድኃኒት የቆየበት ጊዜ ነው የጎዳት አለን።

ብዙ ቆይቶ የአቴናውን የጦር መሪ የኒቅያስን ታሪክ አነበብኩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ413 ዓመት ሲሲሊ ደሴት ላይ ያለችውን ሲራኩስን ከብቦ ሳይሳካለት ቀርቶ ሠራዊቱ በመርከብ ሊመለስ ሲል ጨረቃ ተጋረደች። ሟርተኞቹ ሦስት ጊዜ ዘጠኝ ቀን ጠብቅ አሉት፤ ጠበቀ። በዚያ መሐል ጠላት ወደቡን ዘጋው፤ ሠራዊቱ አለቀ፣ የተረፈው ድንጋይ መፍለጫ ውስጥ ታስሮ ማቀቀ፣ እሱም ተገደለ። ይህን ሳነብ አለቀስኩ። ጨረቃዋ ማንንም አልገደለችም፤ የገደላቸው መቆየታቸው ነው። ስለዚህ ይህን ለምታነቡ ሁሉ የምለምናችሁ፦ ከግርዶሽ ትንቢት የተነሳ ጉዞ አታስቀሩ፣ ሕክምና አታዘግዩ፣ ሰው ከአደጋ ቦታ ለማውጣት ያሰባችሁትን ቀን አትለውጡ። ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

እኔ ግን ያን ጊዜ እንኳ አልተላቀቅኩም። ያላቀቀኝ ጥቅምት 15 ቀን 2015 ነው። ያ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከፊል የፀሐይ ግርዶሽ ነበረ፤ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ ላይ በደንብ፣ እኛ ጋ በጥቂቱ የሚታይ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ይከተል ነበር። ቻናሉ በሁለቱ መሐል ያለውን ጊዜ «የደም በር» ብሎ ሰየመው፤ ጦርነቱ እንደ አዲስ ተቀስቅሶ ስለነበር ሁላችንም አመንን። ቤት ውስጥ ዱቄትና ዘይት አከማችቼ፣ የልጄን ትምህርት ቤት ሁሉ አስቀርቼ ተቀመጥኩ። በዚያው ማክሰኞ ግን ፕሪቶሪያ ውስጥ የሰላም ንግግሩ ተከፈተ። ጥቅምት 23 ስምምነቱ ተፈረመ። በሁለት ግርዶሽ መሐል ማለት ነው። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በዚያችው ቀን ነበር አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታወጀው።

ያን ምሽት እንደ ሁሉም ሰው አልቅሼ ቻናሉን ከፈትኩ። ስለ «ደም በር» የተጻፈው ሁሉ ጠፍቷል። በቦታው «ግርዶሽ መጋረጃ ይገልጣል፤ ከጨለማው በኋላ እርቅ ይመጣል ብለን ነበር» የሚል አዲስ ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ በመቶ የሚቆጠር ሰው «እውነት ነው መምህር» እያለ። ስክሪንሾቶቹ እኔ ጋ ነበሩ። የሚሆነውን ሁሉ ከሆነ በኋላ የሚቀበል ትንቢት ምንም እንዳልነገረኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጦርነት ቢሆን ግርዶሹ ነው፣ ሰላም ቢሆን ግርዶሹ ነው። እንዲህ ከሆነ እናቴን ወልድያ ያስቀረሁት በምን ላይ ተደግፌ ነው?

በዚያ ሰሞን ለጎረቤታችን ለአንድ አዛውንት ሐጂ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። አልገሠጹኝም። ነቢዩ ሙሐመድ ልጃቸው ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ እንደተጋረደች፣ ሰዉ ሁሉ በልጁ ሞት ነው የተጋረደችው ሲል እሳቸው ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሰው ሞትም ሆነ መወለድ አይጋረዱም ብለው እንደመለሱ ነገሩኝ። «ልጄ፣ የገዛ ልጃቸው ነው የሞተው። መገጣጠሙን ሊቀበሉት ቢፈልጉ ማን ይከለክላቸው ነበር?» አሉኝ። የንስሐ አባቴም በኋላ ትንቢተ ኤርምያስ ላይ ከሰማይ ምልክት አትፍሩ የሚለውን አስታወሱኝ። ሐጂ የነገሩኝ ግን ዛሬም አብሮኝ አለ፤ በሐዘን ላይ ያለ ሰው እንኳ መገጣጠምን እምቢ ሊል እንደሚችል ያሳየኛል።

ከዚያ ደብተሬን እንደገና ከፈትኩ፤ በዚህ ጊዜ ግን በተገላቢጦሽ። መጀመሪያ ያደረግኩት ግርዶሾቹን በሙሉ መጻፍ ነው። በፊት የጻፍኩት መጥፎ ነገር የተከተላቸውን ብቻ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ የፀሐይና የጨረቃ ግርዶሽ ተደምሮ ከአራት አያንስም፣ እስከ ሰባትም ይደርሳል። የሚመጡትም በስድስት ወር ግድም ልዩነት በቡድን በቡድን ነው። ስለዚህ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የትኛውንም ቀን ብታነሱ፣ ከሦስት ወር ብዙ ባልራቀ ጊዜ ውስጥ ግርዶሽ አለ። «ከግርዶሹ ጥቂት ቀደም ብሎ ወይም በኋላ» ከተባለ ደግሞ ከዓመቱ ብዙው ክፍል ይሸፈናል። በጥሊሞስ ሕግ ከሄድን የሰኔ 14ቱ ግርዶሽ ሦስት ሰዓት የማይሞላ ቆይቷል፤ ውጤቱ ሦስት ዓመት ግድም ነው ማለት ነው። ከ2012 ክረምት እስከ 2015 ክረምት፤ የሃጫሉ ሞት፣ ጦርነቱም፣ ፕሪቶሪያም በውስጡ ይገባሉ። በዚያ ስፋት ውስጥ የማይገባ ነገር አላገኘሁም።

ቀጥሎ ጥላው ያረፈባቸውን ሌሎች አገሮች አየሁ። ያው ቀለበት ኦማን ላይ አርፏል፤ ጦርነት አልመጣም። ታይዋን ላይ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ በመነጽር አይቶት ወደ ቤቱ ገብቷል። ግርዶሽ ያልነበረባቸውን ሐዘኖቻችንንም ጻፍኩ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ቢሾፍቱ አጠገብ አውሮፕላኑ ሲወድቅ በቅርብ የነበረው ግርዶሽ ሰባት ሳምንት ያለፈው ነው። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ከፍቶ አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ የዚያ ዓመት ትልቁ ግርዶሽ ያለፈው አውስትራሊያ ጫፍ ላይ ነበር።

ከዚያ በቀኝ በኩል ያሉትን ክስተቶች ምክንያት አንድ በአንድ ፈለግኩ፤ ብዙ የተማርኩት እዚህ ላይ ነው። የሳዑዲው አፈሳ ጥቅምት 25 የጀመረው የምሕረት ጊዜው ጥቅምት 24 ስለተጠናቀቀ ነው። ቀኑን መንግሥቱ ራሱ ከወራት በፊት አውጆታል፤ መጀመሪያ እስከ ሰኔ መጨረሻ የነበረውን ነው ያራዘመው። ማንም ወረቀት የሌለው ሰው ሊያየው የሚገባው ምልክት አዋጁ ነበር፤ ሰማይ ማየት አያስፈልግም ነበር። የወሎ ረሃብም እንዲሁ፤ ዝናቡ የቀረው፣ ከብቱ ያለቀው፣ ገበሬው መንገድ ዳር የወጣው ከ1965ቱ ግርዶሽ በፊት ነው። በኋላ የመጣው ዓለም ማየቱ ነው። በጥሊሞስም ራሱ ከቻናሉ ጋር አይስማማም። እሱ መካከለኛ ኢትዮጵያን የሰጠው ደለዊ ለተባለው ማኅደር ነው፤ የሰኔ 14ቱ ግርዶሽ የሆነው ሸርጣን መግቢያ ላይ ነው። ማኅደሩ ሲመች በማኅደር፣ ጥላው ሲመች በጥላ ይፈርዳሉ።

ስለ ውጭ አገር ትንቢት የምትከራከሩ ካላችሁ ደግሞ የ1999ኙን የአውሮፓ ግርዶሽ ተመልከቱ፤ እዚህ ላይ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ኦገስት 11 ከእንግሊዝ ጫፍ በፈረንሳይ አድርጎ እስከ ቱርክና ህንድ የዘለቀ ሙሉ ግርዶሽ ነበር። ታዋቂው የልብስ ዲዛይነር ፓኮ ራባን ሚር የተባለችው የሩሲያ የጠፈር ጣቢያ በዚያ ቀን ፓሪስ ላይ ትወድቃለች ብሎ ሰው አስደነገጠ። አልወደቀችም፤ በ2001 ባለቤቶቿ ራሳቸው ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ አወረዷት። ግርዶሹ ባለፈ በስድስተኛው ቀን ግን ቱርክ ኢዝሚት ላይ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ከ17,000 በላይ ሰው ሞተ፤ ይህን ዛሬም ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡ አሉ። ነገር ግን በዚያ የስንጥቅ መስመር ላይ ከ1939 ጀምሮ መንቀጥቀጡ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እየተሸጋገረ ይመጣ ነበር። የመሬት ሳይንስ ሰዎችም ቀጣዩ አስጊ ቦታ በኢዝሚት በኩል መሆኑን ቀደም ብለው ጽፈው ነበር። ቀኑን አልቆረጡም፤ ቦታውንና ምክንያቱን ግን ተናግረዋል። ሕንፃውን የሚያጠናክር ሰው የሚጠቅመው ይኸኛው ነው።

እንግዲህ ይህን መንገድ ለጀመራችሁ ወይም ቤተሰባችሁ ለያዘው የምመክረውን ልናገር። አንድ ትንቢት ሲደርሳችሁ ከመሆኑ በፊት በእጃችሁ ጻፉት፤ ማን ላይ፣ የት፣ እስከ መቼ። እነዚህ ሦስቱ ካልተሞሉ ትንቢት አይደለም፣ ስሜት ነው። «ታላቅ ለውጥ»፣ «የመሪ ፈተና»፣ «በውሃ ምክንያት ጭቅጭቅ» የሚሉት ከየትኛውም ዓመት ጋር ይገጥማሉ። ተናጋሪውን፣ ምን ካልሆነ ተሳስቻለሁ ትላለህ ብላችሁ ጠይቁት። እኔ ይህን ስጠይቅ ከቻናሉ ተባረርኩ፤ መልሱ እሱ ነበር። ስክሪንሾት ያዙ፤ ቴሌግራም ላይ ጽሑፍ ሲስተካከል ምልክት ቢያሳይም የተሰረዘው ግን ይጠፋል፣ ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ርዕስ ሲለወጥ ተመልካቹ አያውቅም። የተሳሳተባቸውንም እንደተሳካለት እኩል ቁጠሩ። ለግል ምክር ክፈሉ ቢላችሁ ደግሞ እዚያው ላይ ቁሙ። የሚከፈልበት ምክር ሁልጊዜ የሚያበቃው ሌላ ምክር በሚያስፈልግበት ቦታ ነው፤ የእኔም እንደዚያ ነበር።

እውነተኛ ስጋት ላይ ያለ ዘመድ ካላችሁ ጉልበታችሁን እዚህ ላይ አውሉት። መንገድ መዘጋቱን ከማንም በፊት የሚያውቁት አሽከርካሪዎችና መናኸሪያ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ስልካቸውን ያዙ። በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ያለበት ሰው ከሁለት ሦስት ወር የማያንስ እጁ ላይ ይኑረው፤ ባንክ ሲዘጋ የሚያወጣው ጥቂት ጥሬ ገንዘብም እንዲሁ። የመታወቂያና የሐኪም ወረቀት ፎቶ ሌላ ከተማ ያለ ሰው ስልክ ላይ ይቀመጥ። ግንኙነት ሲቋረጥ ቀይ መስቀል የተለያየ ቤተሰብ የማገናኘት አገልግሎት አለው፤ እኔ ይህን ያወቅኩት እናቴ ከተገኘች በኋላ ነው፣ በዚያ ሁሉ ወር የኮከብ ቆጣሪ መልስ ስጠብቅ እንጂ እዚያ ሄጄ አላስመዘገብኩም።

በግርዶሽ ትንቢት የተያዘ ሰው ቤታችሁ ካለ አታዋርዱት። ባለቤቴ በመጀመሪያ ሲያሾፍብኝ ስልኬን ይዤ መኝታ ቤት መዝጋት ነበር ያመጣው። የጠቀመኝ ወንድሜ ነው። ከፕሪቶሪያ በኋላ አጠገቤ ቁጭ ብሎ «እታለም፣ እስቲ ደብተሩን አብረን እንየው» አለኝ። የሚሸሸውን ፍርሃት ጠይቁት። እኔ የምፈራው ግርዶሽ አልነበረም፤ እናቴን ነበር የምፈራላት። ያን የጠየቀኝ ቢኖር ምናልባት እናቴ በዚያ ሐምሌ አውቶቡስ ትሳፈር ነበር።

ሰማይ ማየት አልተውኩም፤ እናንተም አትተዉ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ እንደ ፈረንጆች ኦገስት 2 ቀን 2027፣ ከስፔንና ከሞሮኮ ተነስቶ በሰሜን አፍሪካ፣ በግብፅ ሉክሶር፣ በጅዳና በመካ፣ በየመን አድርጎ ሶማሊያ ጫፍ የሚደርስ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ሉክሶር ላይ ከ6 ደቂቃ በላይ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ትጠፋለች፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ በከፊል ይታያል። ስለዚህ ቀን ብዙ ነገር ይባላል፤ ወሬው እኅቴ ጋ ጅዳ አሁኑኑ መድረስ ጀምሯል። ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ። ስለዚያ ቀን የሚመጡትን ትንቢቶች፣ የመጡበትን ቀን ጽፋችሁ አስቀምጧቸው። የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ማብቂያ ቀን ከግርዶሹ ቀን በፊት አረጋግጡ። ፀሐይዋ በከፊል በተጋረደችበት ጊዜ ሁሉ አይ.ኤስ.ኦ 12312-2 የሚል መለያ ያለው የግርዶሽ መነጽር አድርጉ። ተራ የፀሐይ መነጽር፣ የራጅ ፊልም፣ በጥላሸት የጠቆረ መስተዋት ዓይን አያድንም፤ የልጆችን መነጽር ራሳችሁ ያዙላቸው። ለእናቴም ገዝቼላታለሁ፤ በደህና ዓይኗ ታየዋለች።